የፕላስቲክ ጥሩር አመራረጥና አቆራረጥ

በ1977 እ.ኤ.አ. በታየው «ስታር ዋርስ» ፊልም ነጭ ለባሾቹ ወታደሮች (የእኛዎቹን አላልኩም) ያጠለቁት ጥሩር ብረት ሳይሆን፣ በሙቀት ለስልሶ አየሩ ከሥሩ ተስቦ ቅርጽ የያዘ ስስ ፕላስቲክ ነው። ዛሬም የሚሸጠው ኪት በዚሁ ዘዴ ይሠራል፤ ትርፍ ጠርዙን ይዞ ስለሚመጣ ቆርጦ ማስማማት የገዢው ፈንታ ነው።

እኔ ብመርጥ ኤቢኤስ የተባለውን ፕላስቲክ እገዛለሁ። ሂፕስ የሚባለው ረከስ ይላል፤ ግን ቁጭ ብድግ ሲሉበት ቶሎ ይሰነጠቃል።

ጉዱ እንግዲህ አቆራረጡ ላይ ነው። መጀመሪያ ክፍሎቹን በፕላስተር አያይዛችሁ ልበሱት። ክንዳችሁ ቀጭን ከሆነ ትርፉን ከኋላ መጋጠሚያ ቀንሱ፤ የፊቱ ለዓይን ስለሚታይ አይነካ። ከዚያ መስመሩን በስለት ደጋግማችሁ ጫሩና እጠፉት፤ ቀጭ ብሎ ይለያል። ጥቂት ጥቂት መቀነስ ያሰለቻል፤ ከልክ በላይ የተቆረጠ ጠርዝ ግን ሌላ ኪት ሊያስገዛ ይችላል። ቁርጥራጩን አትጣሉ፤ መጋጠሚያውን ከውስጥ ደግፎ ለማጣበቅ ይሆናል።