ትምህርት ዐሥራ ሁለት፦ ከተላላፊ በሽታ ያገገመ ሰውና የአእምሮው ጤና

ዓላማ፦ ይህን ትምህርት ከጨረሳችሁ በኋላ ከከባድ ተላላፊ በሽታ የተነሣ ሰው የሚያስፈልገውን የአእምሮ እንክብካቤ ታስረዳላችሁ፤ ባለቤታቸው ያልተገለጸ የስሜት ግሦችን ትለያላችሁ፤ በዚሁ ርእስ አንድ ደብዳቤ ትጽፋላችሁ።

ሀ. ምንባብ

የሚከተለውን ምንባብ በመጀመሪያ በለሆሳስ፣ ቀጥሎም ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡ።

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ የገላን ኮንዶሚኒየም መንደር ይገኛል። ነዋሪዎቹ ቤቱን በዕጣ ያገኙ ወይም የተከራዩ፣ ከልዩ ልዩ ሰፈር የተሰባሰቡ ስለሆኑ፣ አንድ ግድግዳ ብቻ የሚለያቸው ጎረቤታሞች እንኳ ገና ላይተዋወቁ ይችላሉ። ከነዚህ ነዋሪዎች አንዱ ከባድ ተላላፊ በሽታ ይዞት ሆስፒታል ከተኛ በኋላ ወደ ቤቱ ተመለሰ እንበል። ሐኪሙ በካርዱ ላይ «ድኗል» ብሎ ጽፎለታል። ይሁን እንጂ ሌሊት እንቅልፍ አይወስደውም፤ ደረጃውን ሲወጣ ትንፋሹ ባጠረ ቁጥር በሽታው የተመለሰበት ይመስለዋል፤ በሩ ሲንኳኳ ይደነግጣል። ይህ ሰው በእርግጥ ድኗልን?

በአገራችን የኮቪድ 19 በሽታ መገኘቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ሕሙማኑ በኤካ ኮተቤ ሆስፒታል፣ ለሕክምና በተዘጋጀው በሚሊኒየም አዳራሽና በሌሎችም ማዕከሎች ይታከሙ ነበር። በአገራችን ልማድ የታመመ ሰው በጠያቂ ተከብቦ ይሰነብታል፤ እነዚህ ሕሙማን ግን የሐኪሙና የነርሷ ፊት በጭምብል ተሸፍኖ፣ የሚያውቁትን ሰው ሳያዩ ቀናት አሳልፈዋል። አጠገባቸው የነበረው አልጋ ባዶ ሲሆን የተመለከቱም አሉ። የዓለም የጤና ድርጅት በ2014 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ፣ በወረርሽኙ የመጀመሪያ ዓመት ጭንቀትና ድባቴ በዓለም ዙሪያ በ25 በመቶ መጨመራቸውን አስታውቋል። ድርጅቱ የወረርሽኙ አስቸኳይ ሁኔታ ማብቃቱን ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ቢያውጅም፣ የአንድ ሰው ፍርሃት በዐዋጅ አይነሣም።

በሳንባ ነቀርሳም ይኸው ነገር ይታያል። የተለመደው የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና 6 ወር ይፈጃል። መድኃኒት የተላመደው ነቀርሳ ሕክምና ግን ለብዙ ጊዜ እስከ 20 ወርና ከዚያም በላይ ይወስድ ነበር፤ ዛሬ ለብዙዎች ወደ 6 ወር ያጠረ ሕክምና ተገኝቷል። በአገራችን በዚህ ሕክምና ከታወቁት አንዱ በእንጦጦ አካባቢ የሚገኘው የቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ነው፤ ከገላን ተነሥቶ ወደዚያ የሚሄድ ሕመምተኛ ከተማዋን ከደቡብ እስከ ሰሜን ያቋርጣል። ለዚህ በሽታ ከሚሰጡት መድኃኒቶች መካከል ሳይክሎሴሪን የተባለው በአንዳንድ ሰዎች ላይ ድባቴን ወይም የአእምሮ መታወክን ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ የሕመምተኛው ጠባይ ሲለወጥ ቤተ ሰቡ «አመል አወጣ» ብሎ ከመፍረድ ይልቅ ለሐኪሙ መንገር ይገባዋል፤ ሕመምተኛውም መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ ማቋረጥ የለበትም።

መድኃኒቱን በትክክል የሚወስድ ሰው የሳንባ ነቀርሳን የማስተላለፉ ዕድል በፍጥነት ይቀንሳል። የጎረቤት ፍርሃት ግን በዚያው ፍጥነት አይቀንስም። ሲኒው ለብቻው ይቀመጣል፤ ለቡና የሚጠራው ሰው ይጠፋል፤ ልጆቹ ከመንደሩ ልጆች ጋር እንዳይጫወቱ ይከለከላሉ። እርሱም በሽታውን ወደ ቤቱ ያመጣሁት እኔ ነኝ እያለ ራሱን ይወቅሳል። ሥራውን አጥቶ ከሆነ ደግሞ የቤት ኪራዩ ወይም የባንክ ዕዳው ይጨመርበታል። በዚህ ጊዜ የሚታየው ጭንቀት ከድክመተ ልቡና የመጣ ሳይሆን ምክንያቱ ተለይቶ ሊታወቅ የሚችል ሕመም ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ለተጨነቀ ሰው የሚሰጠው የመጀመሪያ እርዳታ በሦስት ቃላት ይጠቃለላል፤ እነርሱም ማየት፣ ማዳመጥና ማገናኘት ናቸው። ማየት ማለት ይበላል ወይ? ይተኛል ወይ? ከሰው ይሸሻል ወይ? ብሎ ማስተዋል ነው። ማዳመጥ ማለት ሳያስገድዱና ሳያቋርጡ የሚናገረውን መስማት ነው። «ሌሊት ሌሊት ይጨንቀኛል» ያለውን ሰው «አትጨነቅ!» ብሎ መመለስ አፉን ያስይዘዋል፤ «ምን ሲሆን ነው የሚጨንቅህ?» ብሎ መጠየቅ ግን ያናግረዋል። ማገናኘት ማለት ደግሞ ምልክቶቹ ከሁለት ሳምንት በላይ የቆዩበትን ሰው ወደ ጤና ጣቢያ፣ ወይም በዚያው ክፍለ ከተማ ወደሚገኘው ወደ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ማድረስ ነው፤ ከፍ ያለ ሕክምና ሲያስፈልግ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ። ጸሎትና ጠበል የሚከታተል ሰውም መድኃኒቱን ጎን ለጎን እንዲወስድ ይመከራል። «መኖር አልፈልግም» የሚል ሰው ግን ሁለት ሳምንት አይጠበቅም፤ ለብቻው ሳይተው ወዲያውኑ ወደ ሕክምና መወሰድ አለበት።

ዕድር ሲሞት የሚደርስ ብቻ መሆን የለበትም። አዲስ በተመሠረተ መንደር ውስጥ ከሕመም የተነሣን ሰው ለቡና መጥራት፣ ሲኒውንም ከሌሎች ሲኒዎች ጋር መደርደር፣ መድኃኒት የማይተካው የሕክምና ክፍል ነው።

ለ. የቃላት ፍች

ማገገም፦ ከሕመም ተነሥቶ ኀይልን ቀስ በቀስ መመለስ።
ድባቴ፦ የቆየና የከበደ የመንፈስ ጭፍግግታ፤ የነገር ሁሉ ጣዕም ማጣት።
መገለል፦ ከሰው ማኅበር በሌሎች ፈቃድ መለየት።
አፍ ማስያዝ፦ ሰውን መናገር እንዳይችል ማድረግ።

ሐ. ሰዋስው

የሚከተሉትን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች አስተያዩ።

1. ሕመምተኛው ቡናውን ጠጣ።
2. ሕመምተኛውን ጨነቀው።

በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር «ሕመምተኛው» ባለቤት ነው፤ ድርጊቱን የፈጸመው እርሱ ነውና። በሁለተኛው ግን «ን»ን ጨምሮ ተሳቢ ሆኗል፤ በግሡ መጨረሻ ያለው «ው»ም ወደ እርሱ ያመለክታል። ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ አልተገለጸም። አመመው፣ ራበው፣ በረደው፣ ደከመው፣ ከፋው የሚሉትም እንደዚሁ ናቸው። በቋንቋችን ጭንቀት እንደ ረኀብና እንደ ብርድ በሰው ላይ የሚደርስ ነገር ሆኖ ይነገራል።

«ተጨነቀ» በሚለው ግሥ ግን ሰውየው ባለቤት ይሆናል። «አትጨነቅ» የዚህ ግሥ አሉታዊ ትእዛዝ ነው። ትእዛዝ የሚሰጠው ለድርጊቱ ባለቤት ስለሆነ፣ በላዩ የደረሰውን ነገር በፈቃዱ እንዳደረገው ያስመስልበታል። ሁለቱም አነጋገሮች ትክክል ናቸው፤ የራበውን ሰው በትእዛዝ ማጥገብ እንደማይቻል ግን አትዘንጉ።

ደግሞም «ድኗል» የተፈጸመን፣ «እየዳነ ነው» ያልተፈጸመን ድርጊት ያመለክታል። በምንባቡ መጀመሪያ ለቀረበው ጥያቄ መልስ ስትሰጡ ይህን ልዩነት ተጠቀሙበት፤ ሳንባው ድኖ ሰውየው ገና እየዳነ ሊሆን ይችላልና።

መ. መልመጃ

1. የኮቪድ 19 ሕሙማን የሆስፒታል ቆይታ ከአገራችን የጥየቃ ልማድ በምን ይለያል?
2. የሕመምተኛው ጠባይ ሲለወጥ ለሐኪም መንገር ለምን ያስፈልጋል?
3. የበሽታው መተላለፍና የጎረቤት ፍርሃት እኩል የማይቀንሱት ለምንድን ነው?
4. ሰለቸው፣ ሄደ፣ ጠማው፣ ተቀመጠ፣ ጨለመበት ከሚሉት ግሦች ባለቤታቸው ያልተገለጸውን ለዩ፤ በየአንዳንዱም ዐረፍተ ነገር ሥሩ።

ሠ. ድርሰት

ከረጅም ሕመም በኋላ ወደ ትምህርት ቤት ለሚመለስ ጓደኛችሁ የአንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፉ። በደብዳቤው ውስጥ ትእዛዝ አንቀጽ አታግቡ፤ ስለ ደኅንነቱ ቢያንስ ሁለት ጥያቄዎች ጠይቁት፤ እናንተም ልታደርጉለት የምትችሉትን አንድ ነገር በግልጽ ንገሩት። ጽፋችሁ ስትጨርሱ፣ ደብዳቤው ለእናንተ ቢደርስ መልስ ለመጻፍ ያነሣሣችሁ እንደ ሆነ መርምሩ።