የእጅ ስልክ እንደ ገንዘብ ቦርሳ

ስልክ ማለት ቀድሞ ድምፅን ከሩቅ ወደ ሩቅ የሚያደርስ መሣሪያ ብቻ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። ዛሬ በኪሳችን የምንይዘው ስማርት ስልክ ግን ጋዜጣም፣ ካሜራም፣ ካርታም ሆኗል። ከሁሉ ይልቅ ኑሮንና ንግድን የለወጠው ገንዘብ ማንቀሳቀሱ ስለ ሆነ፣ በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ እንመረምራለን።

በጎረቤታችን በኬንያ ኤምፔሳ የተባለው አገልግሎት በ1999 ዓ.ም. ተጀመረ። በአገራችንም ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ላይ አዋለ። አሠራሩ ከባድ አይደለም። ባለ ገንዘቡ ጥሬ ብሩን ለወኪል ይሰጣል፤ ወኪሉም ያንኑ ያህል ከራሱ ሒሳብ ወደ ሰውየው ሒሳብ ያዛውርለታል። ከዚያ በኋላ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው ወረቀቱ ሳይሆን ቁጥሩ ነው። ስማርት ስልክ የሌለውም *127# ደውሎ በባለ ቁልፍ ስልክ ሊጠቀምበት ይችላል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ የነዳጅ ክፍያ በኤሌክትሮኒክ መንገድ ብቻ እንዲሆን ስለ ተደረገ፣ ነገሩ ለሹፌሮች ግዴታ ሆነ።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። ለወላጆቹ ገንዘብ የሚልክ ሠራተኛ መንገደኛ አይለምንም፤ ነጋዴውም ጥሬ ገንዘብ ተሸክሞ ሲሄድ ሌባ አይፈራም።

ይሁን እንጂ ጥቅሙ ለሁሉም እኩል አይደርስም። ማንበብ የማይችል ሰው ስልኩን ከነምሥጢር ቁጥሩ ለሌላ ሰው አሳልፎ ይሰጣል፤ ይህም ቦርሳን ከፍቶ እንደ መስጠት ነው። በጉልት ሽንኩርት የምትሸጥ እናት ገዥው በራሱ ስልክ የሚያሳያትን የክፍያ ምስል አምና ዕቃዋን ትሰጣለች። ምስሉ የቆየ ወይም የሐሰት ሆኖ ቢገኝ ግን ኪሳራው የርሷ ነው። ኔትዎርክ በጠፋ ጊዜም፣ ገንዘብ እያለው ዳቦ መግዛት የሚያቅተው ሰው ጥቂት አይደለም።

ስለዚህ እኛ ተማሪዎች ለዕረፍት ወደ የቤታችን ስንመለስ ልናስተምራቸው የሚገቡ ሦስት ነገሮች አሉ።

1ኛ/ ሻጭ ክፍያ መግባቱን በገዥው ስልክ ሳይሆን በራሱ ሒሳብ ያረጋግጥ።
2ኛ/ የምሥጢር ቁጥር ለማንም፣ «ከመሥሪያ ቤቱ ነኝ» ብሎ ለሚደውልም ቢሆን አይነገር።
3ኛ/ ለክፉ ቀን ጥቂት ጥሬ ገንዘብ ከቤት አይጥፋ።

ስናስተምርም ስልኩን ከእጃቸው ነጥቀን «እኔ ላድርግልዎ» አንበል። በገዛ ጣታቸው እንዲሞክሩ እንታገሥ። በሌላ ሰው እጅ የሚከፈት ቦርሳ፣ የቱንም ያህል ዘመናዊ ቢሆን፣ የባለቤቱ ነው ለማለት ያስቸግራል።