ዝምድናው የጠፋበት ባክአፕ

ጥያቄ፦ የቤተሰባችንን የትውልድ ሐረግ በኮምፒውተር መመዝገብ ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ያዘዙኝ ሽማግሌዎቻችን ናቸው፤ ልጆቹ በየከተማው ተበትነው ሳይተዋወቁ ከሰባት ቤት በታች እንዳይጋቡ ፈርተው ነው። በኤክሴል ጀምሬ ዝምድናው ሲጠላለፍብኝ ወደ ኒዮፎርጄይ ግራፍ ዳታቤዝ፣ በነፃ ወደሚገኘው የኮሚዩኒቲ እትም ዞርኩ። አሁን ወደ 4,000 ሰው ገብቷል። በየወሩ «ዳታ» ከሚለው ፎልደር ውስጥ «ዳታቤዝስ» የሚለውን ፍላሽ ላይ እገለብጥ ነበር። ባለፈው ወር መብራት ሄዶ ሲመጣ ሃርድ ዲስኩ ተቃጠለ። አዲስ ዲስክ ገዝቼ ፕሮግራሙን ጫንኩና የፍላሹን ወደ ቦታው መለስኩት። ሰርቨሩ ይነሳል፤ ዳታቤዙ ግን የትራንዛክሽን ሎግ የለም ብሎ አልከፈት አለ። ሐረጉን ከነገሩኝ አዛውንቶች ሁለቱ አርፈዋል። መዝገቤ ሞቷል ወይስ መላ አለው?
የሐረጉ ጸሐፊ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ የሞተ አይመስለኝም። ግን ቀጣዩን መስመር ከማንበብዎ በፊት ፍላሹን ይንቀሉት። ያለውን ሁሉ ሁለት የተለያየ ቦታ ይገልብጡና ፍላሹን ራሱን መሳቢያ ውስጥ ይቆልፉበት፤ ከእንግዲህ ሙከራው በግልባጩ ላይ ነው። በሥራዬ እንዳየሁት ሰው መረጃውን ለይቶለት የሚያጣው ዲስኩ በተቃጠለ ማግስት፣ በድንጋጤ የተረፈውን ሲነካካ ነው። እኔም በጀማሪነቴ አድርጌዋለሁ፤ አሁንም ሳስበው ያመኛል።

ምን እንደተፈጠረ ልንገርዎ። ኒዮፎርጄይ አዲስ ነገር ሲያስገቡ መጀመሪያ የሚጽፈው በትራንዛክሽን ሎጉ ላይ ነው። ወደ ዋናዎቹ ፋይሎች የሚያወርደው ቆየት ብሎ ነው፤ እርስዎ ካልለወጡት 15 ደቂቃ ሲያልፍ ወይም 100,000 ትራንዛክሽን ሲሞላ። መብራት ድንገት ሲሄድ መዝገቡ የሚተርፈው በዚህ ዘዴ ነው፦ ሲነሳ ሎጉን ያነብና ያላወረደውን ያወርዳል። ሎጉ የሚቀመጠው ግን «ትራንዛክሽንስ» በተባለ ሌላ ፎልደር ነው። እርስዎ ጎረቤቱን ብቻ ሲገለብጡ ኖረዋል።

ሁለተኛም ችግር አለ፤ ባይጽፉልኝም እገምታለሁ፤ ሲገለብጡ ሰርቨሩን አላጠፉትም። አንድ የዕድር ጸሐፊ የአባላቱን ዝርዝር ጠዋት፣ የክፍያውን መዝገብ ከሰዓት ቢገለብጥና በመካከሉ ሦስት አባላት ቢገቡ፣ ግልባጩ ላይ ከፋዮች ይኖራሉ፣ ስማቸው ግን የለም። ግራፍ ዳታቤዝ ላይ ይህ ይብሳል። የኤክሴል አንድ መስመር ቢበላሽ የተበላሸው አንድ መስመር ነው። እዚህ ግን ሰዎቹ በአንድ ፋይል፣ ዝምድናዎቹ በሌላ ፋይል ናቸው። ለረጅም ጊዜ በቆየው አቀማመጥ አንድ ሰው 15 ባይት፣ አንድ ዝምድና 34 ባይት ቦታ ይይዛል። ሰውየው የሚያውቀው የመጀመሪያ ዝምድናውን አድራሻ ብቻ ነው፤ ያ ዝምድና የሁለቱን ወገኖች አድራሻ ይይዝና ቀጥሎ ያለውን ዝምድና ይጠቁማል፤ ያም ሌላውን። እንደ መቁጠሪያ ነው፤ ክሩ አንድ ቦታ ሲበጠስ ከዚያ ወዲያ ያሉት ፍሬዎች ሁሉ ይበተናሉ። ፋይሎቹ በተለያየ ደቂቃ ከተገለበጡ አጎት አለ፣ ወንድምም አለ፣ ወንድማማችነቱ ግን ወደ ባዶ ቦታ ይጠቁማል።

አሁን ወደ ማዳኑ። መጀመሪያ ድሮ ይጠቀሙበት የነበረውን የፕሮግራሙን ቁጥር ያስታውሱ፤ ልክ ያንኑ ይጫኑ እንጂ አዲሱን አይሞክሩ። ከዚያ በቅንብር ፋይሉ ላይ «ዲቢ.ሪከቨሪ.ፌይል_ኦን_ሚሲንግ_ፋይልስ» የሚለውን «ፎልስ» ያድርጉት (ስሙ በ5ኛው ትውልድ እንዲህ ነው)። ይህ ማለት «ሎጉ ባይኖርም አዲስ ባዶ ሎግ ፈጥረህ ክፈት» ማለት ነው። የመዝገቡ ጤንነት ሊጓደል እንደሚችል ሠሪዎቹ ራሳቸው ያስጠነቅቃሉ፤ ስለዚህ ለማዳን ብቻ እንጂ ለኑሮ አይሆንም። ከተከፈተ ሰርቨሩን መልሰው ያቁሙና «ኒዮፎርጄይ-አድሚን ዳታቤዝ ቼክ» የሚለውን ትእዛዝ ይስጡ፤ የተበጠሰውን ክር እየቆጠረ ይነግርዎታል።

እሱ የማያየውን ግን እርስዎ ነዎት የሚያዩት። ሰዎቹን ይቁጠሩ፤ ዝምድናዎቹን ለብቻ ይቁጠሩ። አንድም ዝምድና የሌለው ሰው ካለ ያውጡት። ሁለት ወላጅ አባት ያለው ካለ ያውጡት። ደግሞ «ወለደ» የሚለውን መስመር ተከትለው ሲወርዱ ወደ ራሱ የሚመለስ ሰው ካለ ይፈልጉ፤ ማሽኑ ሰው የራሱ አያት ቢሆን ቅር አይለውም፣ ሽማግሌዎቹ ግን ይቀየማሉ።

በዚህ በተጠገነ መዝገብ ላይ ሥራ አይቀጥሉ። «ኤፖክ» የተባለውን ተጨማሪ መሣሪያ ይጠቀሙና ሁሉንም እንደ ጽሑፍ አውጥተው አዲስ ባዶ ዳታቤዝ ውስጥ ያስገቡት (ወደ ፋይል ማውጣት በቅንብሩ ካልተፈቀደለት እምቢ ይላል)። እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ ኒዮፎርጄይ ለእያንዳንዱ ሰው በራሱ የሚሰጠው የውስጥ ቁጥር በዚህ ጉዞ ይለወጣል። በዚያ ቁጥር ተመርተው በወረቀት የጻፉት ነገር ካለ ሌላ ሰው ላይ ያርፋል። የራስዎን መለያ ቁጥር ይስጡ። ከመጨረሻው ግልበጣ በኋላ ያስገቡት ደግሞ ፍላሹ ላይ የለም፤ እሱን ከማስታወሻ ደብተርዎ ይልቀሙት።

ለወደፊቱ ፎልደር መገልበጥን ይተዉ። በኮሚዩኒቲ እትም መንገዱ ሰርቨሩን አቁሞ «ኒዮፎርጄይ-አድሚን ዳታቤዝ ደምፕ» ማለት ነው፤ ሁሉንም አንድ ፋይል አድርጎ ይሰጥዎታል። ለ4,000 ሰው ቡናው ሳይፈላ ያልቃል። ሳያቆሙ ባክአፕ መውሰድ ለኢንተርፕራይዝ እትም ብቻ የተሰጠ ነው፤ ለእርስዎ ሥራ አያስፈልግም። «ሲስተም» የሚባለውን ትንሽ ዳታቤዝም አብረው ይውሰዱ፤ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ያለው እዚያ ነው። የቅንብር ፋይሉ ደምፑ ውስጥ ስለማይገባ ለብቻው ይገልበጥ። የፋይሉን ስም በቀን ሲሰይሙ ወይ በእኛ ወይ በፈረንጆቹ ይሁን፤ ሁለቱን ቀላቅለው የትኛው አዲስ እንደሆነ የጠፋባቸው ሰዎች ገጥመውኛል።

ሲመልሱ ትእዛዙ «ሎድ» ነው። «ኦቨርራይት-ዴስቲኔሽን» የሚለውን ከጨመሩበት ያለውን ደምስሶ ይጽፍበታልና ሁለት ጊዜ ያስቡ። ሊኑክስ ላይ «ሩት» በሚባለው የአስተዳዳሪ ስም ከመለሱት የፋይሎቹ ባለቤት ሩት ይሆንና ዳታቤዙ ዳግመኛ አልከፈት ይላል፤ ባለቤትነቱን ለኒዮፎርጄይ ተጠቃሚ ይመልሱ። ከ4ኛው ትውልድ የተወሰደ ደምፕ 5ኛው ላይ ከተጫነ በኋላ «ማይግሬት» ይፈልጋል።

ከሁሉ በላይ ግን መልሶ መክፈትን ይለማመዱ። ጊትላብ በተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 አንድ ባለሙያ በስሕተት ዋናውን ዳታቤዝ ደመሰሰ። ዳታቤዙ ፖስትግሬስ እንጂ ግራፍ አልነበረም፤ ጉድለቱ ግን የሁላችንም ነው። ባክአፕ ሲወስድ ነበር የተባለው ፕሮግራም የ9.2 ሲሆን ሰርቨሩ 9.6 ስለነበር ሥራው ሲከሽፍ ኖሯል፤ የማስጠንቀቂያ ኢሜይሎቹም ተመልሰው ስለቀሩ ማንም አላወቀም። ባክአፑ ይኖርበታል የተባለው ቦታ ሲከፈት ባዶ ነበር። ያዳናቸው ስሕተቱ ከመድረሱ ስድስት ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ለሌላ ሥራ በእጅ የተወሰደ ቅጂ ነው። ኩባንያው ይህንን ሳይደብቅ ለሕዝብ ጽፎታል፤ አከብረዋለሁ።

እርስዎም በየወሩ ደምፑን በሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍተው ሰዎቹንና ዝምድናዎቹን ይቁጠሩ። አንዱን ቅጂ ከቤት ውጭ፣ ዘመድ ዘንድ ያስቀምጡ። ደምፕ በራሱ በምስጢር ቃል አይዘጋም፤ የቤተሰብ ገመና ያለበት ነውና ሳይቆልፉ በቴሌግራም አይላኩት።

ቆጠራውን ሲጨርሱ ከ4,000ው ስንት ሰው፣ ስንት ዝምድና እንደተገኘ ይጻፉልኝ። እስከዚያው በሕይወት ያሉትን አዛውንቶች ድምፅ በስልክዎ ይቅረጹ።