መንጋጋ ሲታመም፤ ስለ እንቅልፍና ስለ ኅሊና ሰላም

ከይፋግ ተነሥቶ ወደ አዲስ ዘመን ወይም ወደ ደብረ ታቦር፣ አልፎም ወደ ጎንደር ሐኪም ፍለጋ የሚሄድ የመንጋጋ ሕመምተኛ አስቀድሞ የሚከሰው ጥርሱን ነው፤ ጥርሱ ተመርምሮ ጤነኛ ሆኖ ሲገኝ ግን፣ ሕመሙ የታችኛው መንጋጋ ከጆሮ ፊት ከራስ ቅል ጋር ከሚጋጠምበት ስፍራና ከማኘኪያ ጡንቻዎች የሚነሣ መሆኑ ብዙ ጊዜ ይገለጣል። ሕመሙ ከሦስት ወር በላይ ሲቈይ ሥር የሰደደ ይባላል፤ ከወንዶችም ይልቅ በሴቶች ላይ ይበረታል።

ሕመም እንቅልፍ እንደሚነሣ ሁሉም ያውቃል፤ የእንቅልፍ መጕደል ራሱ ሕመምን ሊጠራ መቻሉን ግን የሚያስተውል ጥቂት ነው። ከ18 እስከ 44 ዓመት የሆናቸውን፣ መንጋጋቸውን ያልታመሙ አሜሪካውያንን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት በ2016 እ.ኤ.አ. እንዳስረዳው፣ በኋላ ሕመሙ የጀመራቸው ሰዎች እንቅልፋቸው መበላሸት የጀመረው ከሕመሙ አስቀድሞ ነበር። ከሚገመቱት ምክንያቶች አንዱ፣ ከአንጎል ወደ ታች ወርዶ የሕመምን ስሜት የሚገታው ተፈጥሯዊ ሥርዐት፣ እንቅልፍ ሲጐድል ኀይሉ ሊደክም መቻሉ ነው።

ጭንቀትም በበኩሉ ሰውን ሳያውቀው በቀን ጥርሱን ያስነክሰዋል፤ ከንፈር ቢገጠምም የላይና የታች ጥርስ ሳይነካኩ ማረፍ ሲገባቸው፣ ጡንቻው ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ይውላል። ደግሞም ከዘመድ ጋር ቆሎ መቈርጠም የተሳነው ሰው፣ ወይም አፉን ከፍቶ ዜማ ማሰማት የከበደው ደብተራ፣ ከማኅበሩ የተለየ መስሎ ስለሚሰማው ኅሊናው በትካዜ ይጐዳል። እንግዲህ ሕመም፣ እንቅልፍ ማጣትና ጭንቀት አንዱን የመከራ ድስት የተሸከሙ ሦስት ጉልቾች ናቸው፤ አንዱ ሲነሣ ድስቱ ጸንቶ መቆም አይችልም። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ የመንጋጋ ሕመም ምርመራ መስፈርትም ከመገጣጠሚያውና ከጡንቻው ጋር የበሽተኛውን የመንፈስ ሁኔታ አብሮ እንዲመረመር ያዘዘው ስለዚህ ነው።

ከሦስቱ ጉልቾች በሰው እጅ ለማንሣት የሚቀለው እንቅልፍ ማጣት ነውና ከእርሱ መጀመር መልካም ነው። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት መነሣት፣ ለሌሊት ጸሎት የሚነሣም አመሻሹ ላይ ቀድሞ መተኛት ይገባዋል። የቡና ኀይል እኩሌታው እንኳ ከሰውነት ለመውጣት አምስት ሰዓት ያህል ስለሚፈጅ፣ አቦሉም ሆነ በረካው ከቀትር በኋላ ባይጠጣ ይሻላል። ለጊዜውም ቆሎና ማስቲካ በማኘክ ፈንታ ገንፎና ሽሮ ፍትፍት መብላት፣ በሞቀ እርጥብ ጨርቅ ጕንጭን ማሳረፍ ጡንቻውን ያዝናናል። ጤነኛ ጥርስ ማስነቀልና መንጋጋን ለወጌሻ ሰጥቶ ማስጐተት ግን ጉዳት እንጂ ፈውስ የለውም።

አፉ ተቈልፎ የቀረበት፣ ፊቱ አብጦ ትኵሳት ያደረበት፣ ወይም ከ50 ዓመት በላይ ሆኖ ሲያኝክ መንጋጋውን እያመመው ዐይኑ የደበዘዘበት ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ይሂድ። ተስፋ መቍረጥ የበረታበትም ለንስሐ አባቱ ከሚናገረው ጋር ለሐኪምም ይናገር፤ አንዱ የሌላውን ስፍራ አይወስድምና። በሐኪም ፊት ሲቀርብም መንጋጋውን ብቻ አያሳይ፤ ስንት ሰዓት እንደሚተኛ፣ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደሚነቃና ምን እንደሚያስጨንቀው ሳይጠየቅ ይንገር፤ ከመድኀኒቱ እኩሌታው በዚህ ንግግር ውስጥ ይገኛል።