ድንገት መቆም የሚያደርሰው ጉዳት

ከአጅባር ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ ዳገትና ቁልቁለት፣ ጠመዝማዛና ገደል ያጋጥመዋል። መንገድ ሕመምተኛውን ሐኪም ቤት፣ እህሉን ገበያ ያደርሳል። ነገር ግን አደጋም አለበት። በመጋቢት ወር 2010 ዓ.ም. በደቡብ ወሎ በለገሂዳ ወረዳ አንድ አውቶቡስ ገደል ገብቶ 38 ሰዎች ሞተዋል።

መኪና መፍጠኑ ብቻውን ሰውን አይጎዳም። የሚጎዳው ድንገት መቆሙ ነው። ከዛፍ የወደቀ ልጅ የገለባ ክምር ላይ ቢያርፍ ሊተርፍ ይችላል። ድንጋይ ላይ ቢያርፍ ግን አጥንቱ ይሰበራል። ለምን? ገለባው ቀስ አድርጎ ያቆመዋል፤ ድንጋዩ ግን ባንድ አፍታ ያቆመዋል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ከቋጥኝ ጋር ቢላተም፣ ቀበቶ ያላሰረ ተሳፋሪ የሚደርስበት ምት ከ10 ሜትር ገደል እንደመውደቅ ያህል ነው።

በአንድ ግጭት ሦስት ምቶች አሉ።

1ኛ/ መኪናው ይጋጫል።

2ኛ/ መኪናው ሲቆም የሰውየው አካል ግን አይቆምም፤ ተስፈንጥሮ ከወንበር፣ ከብረት ወይም ከመስተዋት ጋር ይጋጫል።

3ኛ/ አካሉ ሲቆም የውስጥ ዕቃው ገና ይሄዳል። አንጎል ከራስ ቅል ጋር ይላተማል። ጉበትና ጣፊያ ሊቀደዱ፣ ደምም ወደ ሆድ ሊፈስ ይችላል።

ይህ ሦስተኛው ምት ከውጭ አይታይም። ስለዚህ «ደኅና ነኝ፣ ምንም አልሆንኩም» ብሎ በእግሩ ቤቱ የገባ ሰው ሌሊቱን ሊሞት ይችላል። ሆዱ ከጠነከረ፣ ቀዝቃዛ ላብ ካላበው፣ ካስታወከው ወይም ከፈዘዘ፣ «እስኪነጋ እንየው» ሳይባል ቶሎ ሐኪም ቤት ይወሰድ።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ቀበቶ ካለ እንሰር። ቀበቶ ሰውነታችን ከመኪናው ጋር አብሮ እንዲቆም ያደርጋል፤ ምቱንም በደረትና በዳሌ አጥንት ላይ ያከፋፍለዋል። በጭነት ላይ አንሳፈር፤ እዚያ የሚይዘን ነገር የለም።

አደጋ ከደረሰ፣ የሚደማውን ቁስል በንጹሕ ጨርቅ ተጭነን እንያዝ። የተጎዳውን ሰው በእጅና በእግሩ ይዘን አንጎትት። አንገቱና ጀርባው ሳይጣመም፣ ብዙ ሆነን በቃሬዛ እንሸከመው። ውሃም ሆነ ምግብ አንስጠው።

ጥያቄ

1. ገለባ ላይ መውደቅና ድንጋይ ላይ መውደቅ ልዩነታቸው ምንድን ነው?
2. ከሦስቱ ምቶች በዓይን የማይታየው የትኛው ነው?
3. ጎረቤታችሁ ከአደጋ ተርፎ «ደኅና ነኝ» ቢላችሁ ምን ትመክሩታላችሁ?