የሚሣለውና የሚወስነው

ጠያቂ፦ አባባ፣ እዚህ ሐሙሲት በአንድ ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ ነዋሪው ሁሉ፣ ሴቱም አካል ጉዳተኛውም፣ የሚሳተፍበት ሥዕል ልሠራ አስቤያለሁ። «ይሄ ከውጭ የመጣ ነው፤ የኛ ሥዕል የአንድ ባለሙያ እጅ ሥራ ነው» የሚሉኝ አሉ። አንቱ ምን ይላሉ?

አዛውንት፦ እጁስ የባለሙያ ነበር፤ ውሳኔው ግን የአንድ ሰው አልነበረም። የጣናንና የዘጌን አብያተ ክርስቲያናት ተመልከት። ሥዕሉ ያለው በመቅደሱ የውጭ ግድግዳ ላይ፣ ሕዝቡ ቆሞ በሚያይበት በኩል ነው። ብዙው በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥሎ የተለጠፈ ነውና ከሠዓሊው በፊት ሸማኔ አለ። ታሪኩን መጽሐፍ አዋቂው ካህን ይነግራል፤ ወጪውን የቻለውም የሚሻውን ያሥላል። በደቅ ደሴት ናርጋ ሥላሴን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ይታያሉ። ተመልካቹም ዳኛ ነበር፤ ጻድቁ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ፣ ክፉው በጎኑ በአንድ ዓይን እንደሚሣል ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ እንኳ ያውቃልና ሠዓሊው ቢስት ይነቃበታል።

ጠያቂ፦ ታዲያ እኔ የምጨምረው ምንድን ነው?

አዛውንት፦ በኡራ ኪዳነ ምሕረት የበላዔ ሰብ ታሪክ ተሥሏል። 78 ነፍስ የበላው ሰው የዳነው በእመቤታችን ስም ለለመነው ቁስለኛ ድሃ በሰጠው ጥርኝ ውሃ ነው። ያለዚያ ድሃ ታሪኩ አይቆምም። ነገር ግን እሱን የመሰለ ሰው «እንዴት ልሣልህ?» ተብሎ የተጠየቀ አይመስለኝም። እቴጌይቱ ተሥለዋል፣ ወስነዋልም፤ ለማኙ ተሥሏል እንጂ አልወሰነም። ዛሬም ክራንች የያዘ ሰው በሥዕል የሚታየው ብዙ ጊዜ ርዳታ ሲቀበል ነው፤ ሲነግድ፣ ሲያስተምር፣ ሲዳር ማን ሣለው? የሚሣለውን ከሚወስኑት መካከል ማስቀመጥ፣ ያንተ ሥራ እሱ ነው።

ጠያቂ፦ ሁሉ እጁን ካስገባ ሥዕሉ አይበላሽም? ስብሰባ ቢጠራም የሚሰማው ያው ድምፁ የጎላው ነው።

አዛውንት፦ ብሩሽ ለሁሉ አድል አላልኩህም። መስመርና ቀለም ዓመታት የሚፈጅ ሙያ ነው። ልጆችን ሰብስቦ አንድ ጥግ ማስቀባት ደስ ይላል፤ ምን እንደሚሣል ሌላ ሰው ከወሰነ ግን ተሳትፎ አልለውም። ሁለተኛው ስጋትህ ይበልጥ ይከብዳል። በስብሰባ ሹሙና ሽማግሌው ይናገራሉ፣ ሌላው ያጨበጭባል። ስለዚህ ንድፍህን ወረቀት ላይ በከሰል አውጥተህ አንተው ወደ ሰዉ ሂድ፤ ሴቶቹን ለብቻቸው፣ በገበያ ቀን ከገጠር የሚመጣውን ለብቻው ጠይቅ፤ ማየት ለተሳነው በቃል ተርክለት። ታንኳ ከሣልክ፣ ደንገል እያሰሩ ታንኳ ሲሠሩ የኖሩትን፣ ጎረቤቱም ለዘመናት የገፋቸውን የነገደ ወይጦ ሰዎች ሳታሳይ ቀለም አትንካ፤ አስተሳሰሩን ብትስት ከእነሱ በላይ የሚያርምህ የለም። ክራንች የያዘውንም የግድ ይሣል አትበል። አልፈልግም ካለ ከንድፉ ይውጣ፤ የራሱን ሐሳብ ይዞ ከመጣ ደግሞ ግድግዳው ባይበቃ እንኳ ካንተ ሐሳብ ቀንስለት።