ሽፋኑ የተገነጠለው ልቦለድ

ጥያቄ፦ ተማሪ ሳለሁ ሽፋኑ የተገነጠለ ልቦለድ አንብቤ ነበር። ሠዓሊ መሆን የሚመኝ የአዲስ አበባ ቢሮ ሠራተኛ ታሪክ ነው። ርእሱም ደራሲውም ጠፉብኝ። (ከጥሊሊ)

መልስ፦ ሰውየው አበራ ወርቁ፣ ልጅቷ ሉሊት ከሆኑ፣ የበዓሉ ግርማ «ከአድማስ ባሻገር» ነው፤ መጀመሪያ የታተመው በ1962 ዓ.ም.። ለሌላ ጊዜ ከሽፋኑ ቀለም ይልቅ የገጸ ባሕርይ ስም ይያዙ፤ ሽፋን በየኅትመቱ ይለወጣል። («ሁለት ሰዎች ተዋደዱ» ብቻ ካሉኝማ መደርደሪያው ሁሉ ያ ነው!) በሬዲዮ ሰምተውት ከሆነ የተራኪውን ድምፅ ይጥቀሱ፤ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ የሚለይ ብዙ ነው። መጽሐፉን ለማግኘት እንጅባራ ሲሄዱ የዩኒቨርሲቲውን ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ይጠይቁ፤ አዲስ አበባ ከገቡ ደግሞ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ወመዘክር አለልዎት።